ሃያኦ ሚያዛኪ፦ አውሮፕላን የሚወድ፣ ጦርነት የሚጠላ ሠዓሊ

ፊልሙን ከጓደኛዬ ፍላሽ ገልብጬ ነው ያየሁት። «ዘ ዊንድ ራይዝስ» ይባላል፣ «ነፋሱ ተነሣ» እንደማለት። አንድ ጃፓናዊ ልጅ ተኝቶ ሕልም ያያል። በሕልሙ ባርኔጣ ያደረገ ሪዛም ጣሊያናዊ ያገኛል። ሰውዬው ደስተኛ ነው፣ ተጫዋች ነው፣ በአውሮፕላኑ ክንፍ ላይ እንደ ሰገነት ይንጎራደዳል። ማን እንደሆነ ሲናገር ፊልሙን አቆምኩት። ካፕሮኒ ነኝ አለ።

ይሄ ስም ለኛ እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ሲወርረን ሰማያችን ላይ ከሚያጉረመርሙት ቦምብ ጣዮች ብዙዎቹ የካፕሮኒ ሥራ ነበሩ። በተከዜ፣ በማይጨው፣ በአሸንጌ የወረደውን የቦምብና የመርዝ ጋዝ መዓት የኢትዮጵያ ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ ፊልም ላይ ግን ካፕሮኒ የልጁ የሕልም አባት ነው። ይመክረዋል፣ ያበረታታዋል፣ አይዞህ ይለዋል።

ፊልሙን የሠራው ደግሞ ጃፓናዊው የአኒሜሽን (የካርቱን ፊልም) ዳይሬክተር ሃያኦ ሚያዛኪ ነው፣ ጦርነትን በመጥላት የታወቀ ሰው። ይሄ እንዴት ይሆናል? መልሱን ስፈልግ ሥራዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃያኦ ሚያዛኪ ጥር 5 ቀን 1941 ቶኪዮ ተወለደ። ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን የደበደበችው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። አባቱና አጎቱ ፋብሪካ ነበራቸው። ፋብሪካው ዜሮ ለሚባለው የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላን ዕቃ ይሠራ ነበር። ስለዚህ አገሩ ሲራብ የሚያዛኪ ቤት አልተራበም። ቤንዚን የሰማይ ያህል በራቀበት ዘመን እነሱ መኪና ነበራቸው።

ይሄ መኪና ትልቅ ነገር ነው። በሐምሌ 1945 ቤተሰቡ ሸሽቶ የተጠጋበት ኡትሱኖሚያ የሚባል ከተማ በሌሊት በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተደበደበ። ከተማው ይነዳል። ሚያዛኪ የአራት ዓመት ልጅ ነው። በፋብሪካው የጭነት መኪና ሊወጡ ሲሉ ልጅ የታቀፈ ሰው መጥቶ እባካችሁ አሳፍሩን አለ። መኪናው ግን ሄደ። ሰውዬው ቀረ።

ሚያዛኪ ካደገ በኋላ ይህን ደጋግሞ ተናግሯል። ያን ሌሊት አንድ ልጅ «አሳፍሯቸው!» ብሎ ቢጮህ ኖሮ ወላጆቹ ምናልባት ያቆሙ ነበር ይላል። እሱ አልጮኸም። የአራት ዓመት ልጅ ምን ሊል ይችላል? ግን ፊልሞቹን አንድ በአንድ ስታዩ እዚያ ሌሊት የጎደለው ልጅ ሁሉም ውስጥ አለ። ትልልቆቹ ፈርተው ሲሸሹ «ቆይ፣ እሱስ?» የሚል ልጅ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሴት ልጅ ናት።

አባቱ በጦር መሣሪያ ሥራው ፀፀት የሚባል ነገር እንዳልነበረው ሚያዛኪ ጽፏል። ልጁ ግን ሁለቱንም ወረሰ፣ የአውሮፕላኑን ፍቅርም የፀፀቱን ዕዳም። በተማሪ ቤት ደብተሩ ላይ የሚስለው አውሮፕላንና ታንክ ነበር። ከጋኩሹይን ዩኒቨርሲቲ በ1963 የተመረቀው በፖለቲካና በኢኮኖሚ ትምህርት ነው። በዚያው ዓመት ግን ቶኤይ የሚባል ትልቅ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ገባ። ሥራው በሌሎች ሥዕሎች መሐል ያለውን ክፍተት መሙላት ነበር፣ ማለትም ከታች ጀመረ።

ቶኤይ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር በሠራተኛ ማኅበር ተሰለፈ። እዚያው ኢሳኦ ታካሃታን አገኘ። ታካሃታ ሥዕል አይስልም፣ ዳይሬክተር ብቻ ነው፣ አንባቢና ጥብቅ ሰው። ሁለቱ ለሃምሳ ዓመት ያህል እየተፎካከሩና እየተደጋገፉ ኖሩ። ታካሃታ በ2018 እስኪሞት ድረስ ማለት ነው። በ1974 አብረው «ሃይዲ»ን ሠሩ፣ የስዊዘርላንዷን የተራራ ልጅ ታሪክ በ52 ክፍል። በ1978 ደግሞ ሚያዛኪ ራሱ ዳይሬክት ያደረገው «ኮናን» የተባለ የቴሌቪዥን ተከታታይ መጣ። ይሄንን ብዙ ሐበሻ ሳያውቀው አይቶት ይሆናል። ጅዳ ወይም ኩዌት ያደጋችሁ «አድናን ወ ሊና»ን ታስታውሳላችሁ? እሱ ነው። በዐረብኛ ተተርጉሞ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የአንድ ትውልድ ካርቱን ሆኖ ነበር።

ከዚያ በ1984 «ናውሲካ» መጣች። ዓለም በመርዝ ጫካ ተውጣለች። አንዲት የንጉሥ ልጅ ብቻ ጫካውን ልግደለው ሳይሆን ልረዳው ትላለች። መነሻው ሚናማታ የሚባል የጃፓን የባሕር ወሽመጥ ነው። አንድ ፋብሪካ ውሃውን በሜርኩሪ በክሎት ስንት ሰው ታመመ፣ ስንት ሰው ሞተ። ዓሣ ማጥመድ ሲቆም ዓሣው መልሶ በዛ። ይሄ ሚያዛኪን አስደነቀው፣ አስፈራውም። የመርዙ ጫካ ከዚያ ተወለደ።

«ናውሲካ» ገንዘብ ስላመጣ በ1985 እሱና ታካሃታ፣ ከአዘጋጁ ቶሺዮ ሱዙኪ ጋር ሆነው፣ የራሳቸውን ስቱዲዮ አቋቋሙ። ስሙን ያወጣው ሚያዛኪ ነው፦ ጂብሊ።

ስሙን ልብ በሉት። ጂብሊ በሊቢያ በረሃ የሚነፍስ ትኩስ ነፋስ ነው። ቃሉ ዐረብኛ ነው፣ «ቂብላ» ከሚለው ጋር ይዛመዳል። ጣሊያኖች ሊቢያን ሲገዙ ቃሉን ወስደው ለአንድ የበረሃ ቅኝት አውሮፕላን ሰጡት። ሚያዛኪ ከአውሮፕላኑ ወሰደው። በጣሊያንኛ ትክክለኛው አጠራር «ጊብሊ» ነው፣ እሱ ግን «ጂ» ብሎ ጀመረው፣ በዚያው ጸና። አውሮፕላኑን ማን ሠራው? ካፕሮኒ። የዓለም ልጆች የሚወዱት ስቱዲዮ ስሙን ያገኘው በአያቶቻችን ላይ ቦምብ የጣሉትን አውሮፕላኖች ከሠራው ፋብሪካ ነው። ይህን ሳውቅ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

አሠራሩ

ሰው ስለ ሚያዛኪ ሲያወራ «ውብ ነው» ብሎ ያልፋል። ውበቱ ከየት እንደመጣ ማየት ግን ይቻላል።

ሲኒማ በሴኮንድ 24 ፍሬም፣ ማለት ነጠላ ምስል፣ ያሳያል። የጃፓን አኒሜሽን ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ይጠቀማል፣ ስለዚህ በሴኮንድ 12 ሥዕል ይበቃል። የሁለት ሰዓት ፊልም 7,200 ሴኮንድ ነው። በ12 ሲባዛ 86,400 ሥዕል ይመጣል። አንድ ስክሪን ላይ ሁለት ሦስት ሰው ለየብቻ ከተሳለ ቁጥሩ ያድጋል። ለ1997ቱ «ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ» ወደ 144 ሺህ የሚጠጋ ሥዕል ተሳለ። ሚያዛኪ ከነዚህ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትን በራሱ እርሳስ አርሟል።

ሌላው ዳይሬክተር መጀመሪያ ጽሑፉን ጨርሶ ነው ወደ ሥዕል የሚገባው። ሚያዛኪ ግን ስቶሪቦርድ ይጀምራል፣ ማለት ፊልሙን በትንንሽ ሣጥን ሥዕሎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መዘርዘር። ግማሽ ላይ ሲደርስ ስቱዲዮው ሥራ ይጀምራል። መጨረሻው ምን እንደሚሆን እሱም ገና አላወቀም። ሠራተኛው እየሳለ፣ እሱ ታሪኩን እየፈለገ አብረው ይሄዳሉ። ለሱዙኪ ይሄ የእንቅልፍ ማጣት ሳይሆን አይቀርም። ግን ፊልሞቹ ለምን እንደ ሕልም እንደሚታጠፉ የሚያስረዳው ይሄው ነው።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። በ«ስፒሪትድ አዌይ» ቺሂሮ የምትባለው ልጅ ለቆሰለ ዘንዶ መድኃኒት በግድ ታስውጠዋለች። ሚያዛኪ ለወጣት ሠዓሊዎቹ ሲያስረዳ ውሻ መድኃኒት ስታስውጡ አፉን እንዴት እንደምትከፍቱ አስቡ አለ። ከመካከላችሁ ውሻ ያለው ማነው? ማንም የለም። አዘነ። ከዚያ ሠዓሊዎቹ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄደው የውሻ አፍ ሲከፈት ቀረጹ፣ ድዱን፣ ጥርሱን፣ መንጋጋው ሲታገል። አሁን ትዕይንቱን ስታዩ ዘንዶው ተረት መሆኑን ትረሳላችሁ። መንጋጋው እውነተኛ ስለሆነ።

ሌላው ምስጢር ዝምታ ነው። ጃፓኖች «ማ» ይሉታል። በ2002 አሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ስለዚህ ሲጠይቀው ሚያዛኪ ሦስት አራት ጊዜ አጨበጨበ። በጭብጨባዎቹ መሐል ያለው ጊዜ «ማ» ነው አለው። በገና ሲደረደር ያዳመጠ ሰው ይህ አይጠፋበትም። ደርዳሪው ዝም ያለባት ጊዜም የመዝሙሩ አካል ናት።

በ«ቶቶሮ» (1988) ሁለት እህትማማቾች ማታ በዝናብ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመዋል። የአባታቸውን ጃንጥላ ይዘው እየጠበቁት ነው። ትንሿ በታላቋ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። አውቶቡሱ አይመጣም። ቀስ ብሎ ትልቅ ፀጉራም ፍጡር አጠገባቸው ይቆማል። ጭንቅላቱ ላይ ቅጠል ብቻ አድርጓል። ታላቋ የአባቷን ጃንጥላ ትሰጠዋለች። ከዛፍ የወረደ ጠብታ ጃንጥላው ላይ ጧ ሲል ፍጡሩ ዓይኑን ያፈጣል። እንደገና ጧ። ደስ አለው። ዘሎ መሬቱን ሲመታ የዛፉ ውሃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘነበ። በቃ፣ ይሄ ነው። የሚሳደድ የለም፣ የሚሞት የለም። እነዚህ ልጆች ግን እናታቸው ሆስፒታል ናት። የሚያዛኪ እናትም በልጅነቱ በአከርካሪ ነቀርሳ ለዓመታት አልጋ ላይ ነበረች። ጠብታው ለምን እንደሚያስለቅስ ይህን ሳያውቁም ይሰማል፣ ሲያውቁት ደግሞ ይብሳል።

ክፉ ሰው የሌለበት ጦርነት

ከሁሉ በላይ የምወድለት ነገር ይሄ ነው። በሚያዛኪ ታሪክ ውስጥ ጦርነት ሞልቷል፣ ሙሉ በሙሉ ክፉ የሆነ ሰው ግን ብዙ አይገኝም።

በ«ሞኖኖኬ» ውስጥ ኤቦሺ የምትባል ሴት አለች። ጫካውን ትመነጥራለች፣ ብረት ታቀልጣለች፣ ጠመንጃ ታሠራለች፣ የጫካውን አምላክ ልትገድል ትነሣለች። ተራ ካርቱን ቢሆን እሷ ጠላት ናት፣ አለቀ። ግን ከተማዋ ውስጥ ግቡ። ሠራተኞቿ ከሴተኛ አዳሪነት ዋጅታ ያወጣቻቸው ሴቶች ናቸው። ከጓሮዋ ደግሞ ሥጋ ደዌ የያዛቸው ሰዎች አሉ፣ ሁሉም የሸሻቸው። እሷ ቁስላቸውን አጥባለች፣ ሥራ ሰጥታቸዋለች። የሚሠሩት ሥራ ጠመንጃ ነው። እንግዲህ ፍረዱ። ሚያዛኪ አይፈርድላችሁም።

በ«ፖርኮ ሮሶ» (1992) ዋናው ገጸ ባሕርይ ጣሊያናዊ አብራሪ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፊቱ ወደ አሳማ ተለውጧል። ጓደኛው ወደ አየር ኃይሉ ተመለስ ሲለው ፋሺስት ከምሆን አሳማ መሆን ይሻለኛል ይላል። አውሮፕላን የሚወድ ሰው አውሮፕላኑ ለማን እንደሚሠራ መምረጥ ይችላል ማለቱ ነው። ለአውሮፕላኑ የሚገዛለት ሞተር ላይ ምን ተጽፏል መሰላችሁ? ጂብሊ።

እሱ ራሱም መርጧል። «ስፒሪትድ አዌይ» በ2002 የበርሊን የፊልም ፌስቲቫልን ዋና ሽልማት፣ ወርቃማውን ድብ፣ አገኘ። በመጋቢት 2003 ኦስካር አሸነፈ። ሚያዛኪ ግን አልሄደም። ያኔ ምክንያቱን አልተናገረም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ኢራቅን የምትደበድብ አገር ሄጄ መታየት አልፈለግሁም አለ። ሽልማቱ በተሰጠበት ሳምንት ነበር ድብደባው የተጀመረው።

ተጽዕኖው ሰፊ ነው፣ ሁሉን ብዘረዝር አልጨርስም። ፒክሳር የሚባለው የአሜሪካ አኒሜሽን ስቱዲዮ ዳይሬክተር የነበረው ጆን ላሴተር ከሱ እንደተማረ በየአጋጣሚው ይናገር ነበር። በፒክሳር ፊልም በ«ቶይ ስቶሪ 3» በአሻንጉሊቶቹ መሐል ቶቶሮ ተቀምጧል። በ«ናውሲካ» ላይ ግዙፉን ተዋጊ የሳለው ወጣት ሂዴአኪ አኖ በኋላ ራሱ የጃፓን ታላቅ ዳይሬክተር ሆነ። ዘላቂው ውርስ ግን ሌላ ይመስለኛል። «ናውሲካ» መጀመሪያ አሜሪካ ስትገባ ከ20 ደቂቃ በላይ ተቆርጣ፣ ስሟ ተቀይሮ፣ ተራ የጀብዱ ፊልም ተደርጋ ነበር። «ሞኖኖኬ» ተራው ሲደርስ ሱዙኪ የጃፓን ጎራዴ ይዞ ለአሜሪካዊው አከፋፋይ ሰጠው። መልእክቱ አጭር ነበር፦ መቁረጥ የለም። አልተቆረጠም። ዛሬ የጃፓን አኒሜሽን እንደ ሙሉ ፊልም በክብር የሚታየው እንዲህ በታገሉ ሰዎች ነው።

በመጋቢት 2025 ፎቶ ወደ «ጂብሊ ስታይል» የሚቀይረው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሲመጣ ፌስቡኩ ሁሉ በዚያ ተሞላ። የሠርግ ፎቶ፣ የልጅ ፎቶ። ሰው ክፋት አስቦ አይደለም፣ ስለሚያምር ነው። ግን አንድ ነገር ማወቅ ይገባናል። በ2016 ወጣት ባለሙያዎች በኮምፒውተር የተፈጠረ፣ መሬት ላይ እየተንፏቀቀ የሚሄድ አስፈሪ ፍጡር አሳይተውት ነበር። እሱ ያስታወሰው አካል ጉዳተኛ ወዳጁን ነው። እጁን ለሰላምታ ማንሳት እንኳ የሚከብደውን። ይሄን የሠራ ሰው ሕመም ምን እንደሆነ አያውቅም አላቸው፣ ሕይወትን መሳደብ ነው አላቸው። አሁን ደግሞ በ«ዘ ዊንድ ራይዝስ» ላይ ያለችውን አንዲት የሕዝብ መንጋ ትዕይንት አስቡ። አራት ሴኮንድ ናት። አንድ ሠዓሊ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ፈጅቶባታል።

ወደ ካፕሮኒ

እንግዲህ ወደ ጀመርንበት። «ዘ ዊንድ ራይዝስ» በ2013 ወጣ። ባለታሪኩ ጂሮ ሆሪኮሺ ነው፣ ዜሮን የነደፈው መሐንዲስ። የሚያዛኪ አባት ፋብሪካ ዕቃ የሚሠራለትን አውሮፕላን ማለት ነው። ሽማግሌው ሚያዛኪ በ72 ዓመቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በመጀመሪያው ሕልም ካፕሮኒ ቦምብ የተሸከሙ አውሮፕላኖች ያሳየዋል። ከተማ ሊደበድቡ እየሄዱ ነው፣ አብዛኞቹም አይመለሱም ይለዋል። ሳይደብቅ። ከዚያ አውሮፕላን ለጦርነትም ለገንዘብም አይደለም፣ ውብ ሕልም ነው ይለዋል። ሌላ ጊዜ ይጠይቀዋል፦ ፒራሚድ ያለበት ዓለም ይሻልሃል ወይስ የሌለበት? ድንጋዩን ማን ተሸከመው የሚለው ጥያቄ እዚያው ውስጥ አለ።

ድምፁን አዳምጡት። የአውሮፕላኑ ሞተር፣ የ1923ቱ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በሰው አፍ የተሠራ ድምፅ ነው። ልጅ ሲጫወት «ቩቩቩ» እንደሚለው። ምድር ስትናወጥ የምታቃስት ትመስላለች።

ፊልሙ ሲወጣ ጃፓን ውስጥ ቀኝ ዘመም ብሔርተኞች አገር የሚያዋርድ አሉት። ሚያዛኪ በዚያው ሰሞን ሕገ መንግሥቱ ለጦር ኃይል እንዲመች ይለወጥ የሚለውን ሐሳብ ተቃውሞ ጽፎ ነበር። ኮሪያ ውስጥ ደግሞ ዜሮን ለመሥራት በግድ የተነዱ ሰዎች የት አሉ ተባለ። የእኔም ቅሬታ ከዚህኛው ጋር ይሄዳል። ካፕሮኒ በሕልሙ ሲስቅ ከታች ያለው መሬት አይታይም። ማይጨው አይታይም። የቦምቡን አብራሪ እናያለን፣ ቦምቡ የወረደበትን ሰው አናይም። ይሄ ጉድለት ነው፣ ለሚያዛኪ ያለኝ ፍቅር አይሸፍነውም።

ግን መጨረሻውን አይቼ ሚያዛኪን ይቅር አልኩት። ጂሮ በሕልሙ በተሰባበሩ ዜሮዎች መሐል ይሄዳል። ካፕሮኒ አገኘው። የሠራኸው ያውልህ አለው፣ በሰማዩ ላይ የሚያልፉትን እያሳየው። ጂሮ መለሰ፦ አንዱም አልተመለሰም። እዚያ ላይ ማመካኛ የለም፣ ማስተባበያም የለም። ሚያዛኪ ይህን ፊልም በስቱዲዮው ሲያይ አለቀሰ። በራሱ ሥራ ሲያለቅስ የመጀመሪያው እንደሆነ ተናግሯል።

ከዚያ በኋላ ጡረታ ወጣሁ አለ። ከዚህ በፊትም ብሎ ነበር፣ አልሆነም። በ2023 «ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄሮን»ን ይዞ መጣ፣ ያለ ማስታወቂያ፣ በአንድ ፖስተር ብቻ። በ2024 በ83 ዓመቱ በውድድር ሁለተኛ ኦስካሩን አገኘ፣ አሁንም አልሄደም። ፊልሙ ውስጥ ጦርነት ላይ ነን። የልጁ አባት የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ አለው። አንድ ቀን የተዋጊ አውሮፕላን መስታወቶች፣ አብራሪው የሚሸፈንባቸው፣ ወደ ቤት ተጓጉዘው ይገባሉ። ሠራተኞች በትልቁ ቤት ወለል ላይ ይደረድሯቸዋል። ያብረቀርቃሉ። ብርሃን ያልፍባቸዋል። ልጁ ቆሞ ያያቸዋል። ያምራሉ፣ ይላል።